ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ ወለል ይሆናል ወይ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የሚደርሱን ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ አሮጌ ጣውላ ሆነዋል። ነገሩ አይገርምም፣ ደሴም ኮምቦልቻም በኮሪደር ልማቱ ምናምን የቆዩ ቤቶች እየፈረሱ ስለሆነ ሞራሌውና ጣውላው በየመንገዱ ዳር ተከምሮ ነው የሚታየው፣ ጥሩ ጽድ ለማገዶ በጋሪ ሲሄድ ሳይ እኔማ አንጀቴ ነው የሚያርረው። ከጥያቄዎቹ አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምንኖረው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። የአያቴ ቤት ታቹ ድንጋይ ላዩ እንጨት የሆነ ባለ አንድ ፎቅ ነው፣ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው ይላሉ፣ አሁን ልናፈርሰው ነው። የፎቁ ወለል ሙሉውን ወፍራም ጣውላ ነው። እዛው ግቢ ውስጥ በምንሰራው ቪላ ሳሎኑና መኝታ ቤቱ ላይ ልናነጥፈው አስበን አናጺ ስናማክር "አሮጌ እንጨት እኮ ደርቆ ያለቀለት ነው፣ ዛሬ ፈርሶ ነገ ይገጠማል" አለን። ወንድሜ ደግሞ ሸጠን ሴራሚክ እንግዛበት ይላል። እርስዎ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ወንድምህን በመጀመሪያ አይሸጥ በልልኝ። የዛን ዘመን ቤት ላይ ያለ ጣውላ ብዙ ጊዜ ጽድ ወይ ዝግባ ወይ ኮሶ ወይ ዋንዛ ሆኖ ነው የሚገኘው፣ እነዚህ አራቱ ደግሞ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986ቱ የደን አዋጅ ታግደው የነበሩ ዛፎች ናቸው፣ ስለዚ እንደዛ ያለ ሰፊና ወፍራም ጣውላ ዛሬ እንጨት ተራ ሄደህ ብትጠይቅ ይስቁብሃል። ሴራሚክ ግን ነገም አለ።

ቤቱን ከማፍረሳችሁ በፊት ግን የከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጋ ጎራ በሉ፣ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሰረት ያለ ፈቃድ አይነካም፣ ያልተመዘገበ ከሆነም መጠየቁ ምንም አያስከፍላችሁም።

አሁን ወደ አናጺው። ግማሽ እውነት አለው። ድሮ የተቆረጠ እንጨት የሚጣመመውን ተጣሞ የሚሰነጠቀውን ተሰንጥቆ ጨርሷል፣ በዚህ በኩል ዛሬ ከመጋዝ ከወጣ ባሕር ዛፍ ጋር ለውድድር አይቀርብም። ግን እንጨት መቶ አመትም ቢሞላው ከአየሩ እርጥበት መሳብና መልቀቅ አያቆምም። ክረምት ላይ ፈርሶ ውጭ ሁለት ሳምንት ዝናብ የመታው አሮጌ ጣውላ እርጥብ ጣውላ ነው፣ በቃ። እስቲ በቁጥር እንየው፦ 15 ሳንቲ ስፋት ያለው ጣውላ እርጥበቱን ሲለቅ 2 ሚሊ ቢቀንስ ምንም አይመስልም አይደል፣ አራት ሜትር ክፍል ውስጥ ግን 26 ጣውላ ይደረደራል፣ ሲደመር 5 ሳንቲ ክፍተት ማለት ነው። ጥር ላይ ሳንቲም ሲወድቅብህ በስንጥቁ ገብቶ ይቀራል።

ስለዚ ስታፈርሱ በበጋ አፍርሱ፣ የግድ ክረምት ከሆነም የወጣው የዛኑ ቀን ጣራ ስር ይግባ። መሬት ላይ አይጋደም፣ ከስሩ ብሎኬት ወይ ሞራሌ ይደረግለትና በየድርድሩ መሀል ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ሊስትሮ (ቀጭን ክፋይ እንጨት) በየ50 ሳንቲው እያስገባችሁ ደርድሩት፣ አየር ይዙርበት። ከዛ አዲሱ ቤት ልስኑም ሊሾውም በደንብ ደርቆ በርና መስኮት ከተገጠመ በኋላ የሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ ሁለት ሶስት ሳምንት አሳድሩት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አትግጠሙ።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን አናጺው ያላነሳው ነገር ነው። አያትህ ቤት ያ ጣውላ የነበረው ፎቅ ላይ ነው፣ ከላይም ከታችም ደረቅ አየር ነበረው፣ ለዛ ነው እስከዛሬ የቆየው። ላሊበላ አካባቢ ያለው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ይምርሃነ ክርስቶስ ሄደህ ከሆነ አይተኸዋል፣ እዛ ግንቡ ውስጥ ያለው እንጨት ስምንት መቶ አመት ያለፈው ነው፣ ዋሻ ውስጥ ሆኖ ዝናብ ሳያየው ነው እዚህ የደረሰው። እናንተ ደግሞ ያንን ጣውላ አውርዳችሁ መሬት ላይ በፈሰሰ ኮንክሪት ላይ ልታነጥፉት ነው፣ የደሴ መሬት ደግሞ እርጥበቱን ታውቁታላችሁ፣ ከስር ሰርጎ የሚመጣ ውሃ ጣውላውን በጥቂት ክረምት ያበሰብሰዋል። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ከስሩ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፣ መገጣጠሚያው በሰፊው ይደራረብ። ከላዩ ሞራሌ በ40 ሳንቲ ርቀት አስሩና ጣውላው በሱ ላይ ይመታ፣ ከሞራሌው መሀል አየር እንዲገባ ግድግዳው ላይ ወንፊት ያለው ትንሽ ቀዳዳ ይተውለት። ኮንክሪቱ መድረቁን ለማወቅ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቀህ አንድ ቀን ተኩል አቆየው፣ ስታነሳው ከስሩ ላብ ካለ ወይም ወለሉ ከጠቆረ ጠብቁ።

ምን አይነት እንጨት እንደሆነ ደግሞ አሁኑኑ እወቁ። ከጀርባው በቢላ ትንሽ ፋቅ አድርገህ አሽትተው፣ የእርሳስ ሽታ ከሸተተህ ጽድ ነው (እርሳስም ከጽድ ይሰራ ነበር)፣ ምስጥም ብስባሽም ብዙ አይደፍረውም፣ ግን ሚስማር ሲመታበት ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ስለዚ በድሪል ቀድሞ መበሳት ነው። ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ሽታ ከሌለው ዝግባ ሊሆን ይችላል፣ ለወለል ቆንጆ ነው፣ እርጥበትና ነቀዝ ግን ያጠቃዋል። ቀላልና ወርቃማ ቡናማ ከሆነ ዋንዛ ነው፣ አይንቀሳቀስም፣ ለስላሳ ስለሆነ ሂል ጫማ ይጎዳዋል። አንድ ጣውላ ለማንሳት ካቃሰታችሁ ወይራ ነው፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

ሲነቀል ደግሞ በዲጂኖ ከመሀል አይፈንቀል፣ ከአንዱ ግድግዳ ተጀምሮ በተራ ይውጣ፣ ከጀርባው በጠመኔ ቁጥር ይጻፍበት። ሚስማሩ ሁሉ ይነቀል፣ የተሰበረ ሚስማር ውስጥ ተቀብሮ የቀረ ካለ የመላጊያ ማሽኑን ቢላ ያበላሸዋል፣ ማሽን ቤቶችም አሮጌ እንጨት አንልግም የሚሉት ለዚህ ነው። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ጣውላው ላይ ብታሳልፉ የተደበቀውን ያሳያችኋል። ፊቱን አታስልጉት፣ ያ የጠገበ ቀለም ያለው ላዩ ላይ ነው፣ ሁለት ሚሊ ከተላገ አዲስ እንጨት ይመስላል፣ ታዲያ ምኑን አሮጌ ሆነ? ጀርባው ይላግና ውፍረቱ ይስተካከል፣ ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል ተደርጎ ይነካካ። የድሮ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን በደረቁ አይታሽ፣ የድሮ ቀለም ሊድ ሊኖርበት ይችላል፣ ብናኙ ደግሞ በተለይ ለህጻናት አእምሮ መርዝ ነው። ውሃ እያርከፈከፉ ይፋቅ፣ ልጆች ከአካባቢው ይራቁ፣ ፍርፋሪው አይቃጠል።

የጎደለው ደግሞ አይቀርም፣ የበሰበሰ ጫፍና የተሰነጠቀ ሲወጣ ከ20 እስከ 30 ፐርሰንት ይባክናል። ከፎቁ 40 ካሬ ብታወጡ 30 ካሬ አካባቢ ነው የምታነጥፉት፣ ስለዚ ሳሎኑን ጨርሱና መኝታ ቤቱን በተረፈው አስቡ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ኮምቦልቻ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ለሒሳብ ስራ ቢሮ ተከራይቻለሁ። እንግዳ መቀበያውን በአሮጌ እንጨት ላሰራ ፈልጌ ደሴ ፈራሽ የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። ጓደኞቼ ላሚኔት ይሻልሻል ይላሉ። ለቢሮ ያዋጣል?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ለእንግዳ መቀበያው አዎ፣ ባለ ጎማ ወንበር ላለበት ክፍል ግን ለስላሳ እንጨት ከሆነ አልመክርሽም፣ የወንበር ጎማ ዋንዛና ዝግባን ቦይ ቦይ ያደርገዋል። ወይራ ካገኘሽ ይችለዋል፣ ችግሩ ወይራ ቀጥ ብሎ አያድግም ረጅም ጣውላ አይወጣውም፣ ግን አጫጭሩን እንደ ፓርኬ በ30 በ40 ሳንቲ አስቆርጠሽ ብታነጥፊው ሳሎን አይደለም ቤተ መንግሥት ይመስላል። ጓደኞችሽ ስለ ላሚኔት የሚሉት ስለ ዋጋና ስለ ፍጥነት ከሆነ ልክ ናቸው፣ ግን ላሚኔት ላዩ አንዴ ከተላጠ መጣል ነው፣ ጣውላ በየአስር ምናምን አመቱ ታሽቶ ይታደሳል።

ያንቺ ጉዳይ ላይ ዋናው ነገር ቁልቁለቱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናት፣ የአንድ ሰአት መንገድ እንኳን አይሞላም ግን አየሩ ሌላ ነው፣ ጃኬትሽን መሀል ላይ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የምታወልቂው ለምንድነው? ጣውላውም እንደዛው ነው፣ ደሴ ላይ የደረቀ ሲባል ኮምቦልቻ ሲደርስ ገና ይለቃል። ስለዚ ገዝተሽ ወዲያው አታስገጥሚ፣ ቢሮሽ ውስጥ በሊስትሮ ተደርድሮ ቢያንስ ሶስት ሳምንት ይቆይ፣ ኤሲ የምትጠቀሚ ከሆነም እየሰራ። ፎቅ ላይ ስለሆንሽ ከመሬት የሚመጣ እርጥበት አያሰጋሽም፣ ህንጻው አዲስ ከሆነ ግን ሊሾው ራሱ ውሃ አለው፣ ለአንድ ሳንቲ ውፍረት ቢያንስ አንድ ሳምንት ማድረቂያ ይፈልጋል፣ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ከዛም በላይ። በግድግዳው ዙሪያ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ክፍተት አስተይ፣ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ይሄን ክፍተት አናጺዎች "ያስጠላል" ብለው ይዘጉታል፣ ከዛ እንጨቱ በክረምት ሲያብጥ መሄጃ አጥቶ ወደ ላይ ይነሳል። አንድ የምትጨምሪው፣ ኪራይ ስለሆነ ከአከራይሽ ጋር ስትለቂ ጣውላውን ነቅለሽ መውሰድ እንደምትችይ ውል ላይ ጻፊ፣ ነቅለሽ እንድትወስጂው ደግሞ በኮላ አታጣብቂው፣ ሞራሌ ላይ በብሎን ይታሰር።

ፈራሽ ሻጩ የባቡር ሐዲድ እንጨት ካቀረበልሽ አትውሰጂ፣ እንዳይበሰብስ ክሪዮሶት የሚባል ጥቁር ዘይት የጠጣ ነው፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ጣውላ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ አለ። ነቀዙ በህይወት አለ ወይስ ድሮ ሞቷል? (ከሮቢት)

መልስ፦ ጣውላውን ነጭ ወረቀት ላይ ጠረግ አድርገህ አስተኛውና ለሳምንታት ተመልከተው። አዲስ ዱቄት የመሰለ ነገር ወረቀቱ ላይ ከወደቀ አለ፣ ቤትህ አታስገባው፣ ከሌላ እንጨት ጋርም አታስቀምጠው። ካልወደቀና የቀዳዳው ጠርዝ የጠቆረ ከሆነ የድሮ ነው። ማድረቂያ ምድጃ ያለው እንጨት ቤት ካገኘህ የእንጨቱ መሀል ድረስ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ከሞቀ ነፍሳቱ ያልቃሉ፣ የውጭ ንግድ ፓሌት የሚታከመውም በዚሁ ነው። ነጭ ጋዝ መርጨት ላዩን እንጂ ውስጡን አያገኘውም።

ጥያቄ፦ ቤታችን የድሮ ጣውላ ወለል ነው፣ እናታችን ሁሌ ሰም ነው የምትቀባው፣ አሁን ቫርኒሽ ልናስቀባ ነው፣ ችግር አለው?

መልስ፦ ሰሙ ላይ ቫርኒሽ አይይዝም፣ እንደ አሳ ቅርፊት ይላጣል። ወይ ሰሙን በአኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) እያጠባችሁ ከዛም እያሻችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት፣ ወይ እናታችሁን ስሙና በሰሙ ቀጥሉ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለተኛው ነው የሚሻለው፣ ሰም ሲያልቅ እዛች ቦታ ላይ ብቻ ይቀባል፣ ቫርኒሽ ሲላጥ ግን ክፍሉን ሙሉ ማሸት ነው። የተልባ ዘይት የምትቀቡም ካላችሁ፣ የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትወርውሩት፣ ዘይቱ ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፣ ክብሪት ሳይነካው ሊነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አስጡት ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት።