ኔክስትክላውድን ዊንዶውስ ላይ ልጫን ወይስ ኡቡንቱ ላይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነኝ፣ የመምህራን ፋይል አንድ ቦታ እንዲቀመጥ ኔክስትክላውድን (ፋይል በራስ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ለማጋራት የሚሆን ፕሮግራም) በዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ጠቅልሎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ልጭን አስቤ ነበር፤ አንዱ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 ነው አንዱ አሮጌ ኡቡንቱ፣ የቱ ይሻለኛል? መብራት ሲጠፋስ ፋይሉ አብሮ ይጠፋል?

መልስ፦ እህታችን፣ ማሽኑ አሮጌ ቢሆንም ኡቡንቱው ላይ አድርጊው። ኮንቴይነሩ (ዶከር የሚያስኬደው ጥቅል) የሚፈልገው የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ነው፣ ኡቡንቱ ራሱ ሊኑክስ ስለሆነ እዛ በቀጥታ ይሰራል፣ ዊንዶውስ ላይ ግን ዶከር ዴስክቶፕ (የዊንዶውሱ ዶከር) ብዙ ጊዜ በደብሊው ኤስ ኤል 2 (ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬድ የዊንዶውስ ክፍል) በኩል ሌላ ሊኑክስ ከስር ያስነሳል፣ ራም ይበላል፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት መሠረታዊ ሴቲንግ) ላይ ቨርቹዋላይዜሽን (አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ሲስተም ማስኬድ የሚያስችለው) ካልተከፈተ ደሞ ጭራሽ እምቢ ይላል።

መብራቱን በተመለከተ ኮንቴይነሩ ስለቆመ ብቻ ፋይል አይጠፋም፣ ችግሩ ኮንቴይነሩ ሲሰረዝ ነው፣ ለምሳሌ አዲስ ቨርዥን ስታስገቢ፣ ስለዚህ ዳታውን ከመጀመሪያው ቮልዩም (ከኮንቴይነሩ ውጪ ያለ የዶከር ማስቀመጫ) ላይ አስቀምጪ፣ ይሄን እባክሽ እንዳታልፊው የሰው ልፋት ነው። ሪስታርት ፖሊሲውን (ኮንቴይነሩ መቼ ራሱ እንደሚነሳ የሚወስነውን ሴቲንግ) «አንለስ ስቶፕድ» (unless-stopped) ካልሽው ኮምፒውተሩ ሲበራ ራሱ ይነሳል። ድንገት መጥፋቱ ዳታቤዝ ሊያበላሽ ስለሚችል ባክአፕ የግድ ነው፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ከተገኘ ደሞ በጣም ጥሩ።

ኔት ከደከመብሽ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ዶከር ባለው ላፕቶፕ ኢሜጁን (ኮንቴይነሩ የሚሰራበትን የኔክስትክላውድ ፋይል) አውርጂና በ«ዶከር ሴቭ» (docker save) ትዕዛዝ ፍላሽ ላይ አድርገሽ ትምህርት ቤት በ«ዶከር ሎድ» (docker load) አስገቢው።