ለቼሎው ብለሽ ስራሽን አትልቀቂ

እንዴት ነሽ እታለም፣ ማርቆስ እንዴት ናት፣ ብርዱስ? ደብዳቤሽን ማታ ቤት ስገባ ነው ያነበብኩት፣ ራት ቀርቦልኝ ሁሉ ሀሳቤ እሱ ላይ ነበር። ሌላ ጊዜ ሁለት ሶስት መስመር ጽፌ ነው የምልከው፣ ያንቺ ግን የማውቀውን ነገር ስለነካብኝ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ፣ ታገሽኝ።

ሌላው አንባቢም እንዲገባው ያልሽውን ባጭሩ ላስቀምጠው። 29 አመትሽ ነው፣ ደብረ ማርቆስ የላብራቶሪ ባለሙያ ሆነሽ ስድስት አመት ሰርተሻል። ከጀርመን የመጣችው የአክስትሽ ልጅ ቼሎዋን፣ ያንን ተቀምጠው በቀስት የሚጫወቱትን ትልቅ ቫዮሊን የሚመስል ባለ አራት ክር መሳሪያ፣ አንቺ ጋ ትታው ሄደች፣ አንቺም ስምንት ወር ሙሉ ከዩቲዩብ እያየሽ ስትታገዪ ከርመሽ አሁን ጭራሽ ፍቅሩ ያዘሽ። ሀሳብሽ ደሞ "ሌላው በስድስት በሰባት አመቱ ነው የሚጀምረው፣ እኔ ዘግይቻለሁ፣ ስለዚህ ስራ ልቀቅና አዲስ አበባ ሄጄ ቀኑን ሙሉ ልለማመድ፣ ቁጠባዬ አንድ አመት ያኖረኛል፣ ያለፈኝን በዛ አካክሰዋለሁ" የሚል ነው። ታላቅ ወንድምሽ "ተምረሽ ተምረሽ አዝማሪ ልትሆኚ ነው? የአባታችንን ስም ልታሰድቢ?" ብሎሻል። ከዛ የጣትሽ ማጠር፣ ኖታ አለማወቅሽ፣ የአከራይሽ ልጆች መሳቅ አለ።

ትልቁ ጉዳይ መልቀቁ ነው፣ ከሱ ልጀምር።

ስራ ስትለቂ የምታገኚው ሰአት ነው አይደል፣ በቀን ስምንት ሰአት። ግን ቼሎ ከጀማሪ እጅ ስምንት ሰአት አይቀበልም። አንቺው ራስሽ ጽፈሽዋል እኮ፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ የግራ እጄ አውራ ጣት ይደነዝዛል ብለሽ። ቼሎ አንገቱ ላይ እንደ ጊታር መስመር የለውም፣ ጣትሽ ቦታውን የሚያገኘው በጆሮና በልምድ ነው፣ አዋቂ ጀማሪ ደሞ ቦታው እንዳይጠፋው ስለሚፈራ አንገቱን በአውራ ጣቱና በጣቶቹ መሀል እንደ ጉጠት ጨምቆ ይይዘዋል፣ ህጻን ልጅ ግን አይፈራም፣ ስቶ ይስቃል፣ እጁም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። እስኪ ዛሬ ማታ ይቺን ሞክሪ፣ ጣትሽ ክሩ ላይ እንዳለ አውራ ጣትሽን ከአንገቱ ላይ አንሺውና ቀስቱን ሳቢ። ድምፁ ከሞተ ክሩን የያዝሽው በጭምቀት ነው ማለት ነው። ክሩን መጫን ያለበት የክንድሽ ክብደት ነው፣ ከትከሻሽ ጀምሮ ለቀቅ ብሎ፣ ገመድ ላይ እንደተሰጣ እርጥብ ጋቢ።

አሁን ያንን ጭምቀት እንደያዝሽ በቀን ስድስትና ሰባት ሰአት ብትለማመጂ ምን እንደሚሆን አስቢው። የጅማት መቆጣት ምን እንደሆነ ለጤና ባለሙያ እኔ አልነግርም፣ ለወራት ቀስት አትይዢም፣ እጅሽ ደሞ ቀን ቀን ላብራቶሪ ውስጥ ሲሰራ የሚውል እጅ ነው፣ እሱ ከተጎዳ ልትመለሺበት የምትችይውም ስራ አብሮ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ በቀን ሰላሳ አርባ ደቂቃ፣ በርትተሽ ከሆነ ጠዋት አንዴ ማታ አንዴ፣ ከዛ በላይ ለጊዜው እጅሽ አይሸከምም። እጅ የተማረውን የሚያሳድረው ደሞ እንቅልፍና እረፍት ላይ ነው፣ ዛሬ እምቢ ያለሽ ነገ ጠዋት እሺ የሚልሽ ለዛ ነው። ታዲያ ይሄ አርባ ደቂቃ አሁን በስራ ላይ እያለሽ የለሽም? ዱቲ ያደርሽበትን ቀን ተይው፣ ተኚ። በሌላው ቀን ግን አለሽ።

እኛ ጎጃሞች ይሄን ነገር ከቅኔ ቤት እናውቀዋለን። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚቆጥረው፣ ማለትም አስቦ የሚደርሰው፣ ሁለት ቤት (ሁለት መስመር) ያላትን ጉባኤ ቃናን ነው፣ ከዛ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ ነው ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው። ቀኑንም ሙሉ መምህሩ እግር ስር አይውልም፣ ብቻውን ጥግ ይዞ ሲያወጣ ሲያወርድ ይቆይና የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል። ቆጠራ አለ፣ ነገራ አለ። አንቺ ስምንት ወር ሙሉ ቆጠራ ላይ ነሽ፣ ነገራ ግን የለሽም፣ አንዴም ሰው አላረመሽም። ያጣሽው ሰአት ሳይሆን የሚያርምሽ ሰው ነው። ስራ ስትለቂ ደሞ የሚቋረጠው ያንን ሰው የምትከፍይበት ደሞዝ ነው፣ የሚተርፍሽ እጅሽ የማይጠቀምበት ሰአት ነው፣ ሂሳቡ በየትም በኩል አይመጣልኝም።

ይሄን በድፍረት የምልሽ ስላየሁት ነው። እኔ በ27 አመቴ ገጠር አስተማሪ ነበርኩ፣ ጓደኞቼ ዲግሪ ይዘው እኔ ወደኋላ የቀረሁ መሰለኝና ስራዬን ለቅቄ ከተማ ገብቼ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ አካውንቲንግ ሙሉ ቀን ተመዘገብኩ። ሀሳቤ ያንቺው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ላጥናና ልድረስባቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ደብተር ላይ እቀመጥ ነበር፣ ግን የወሩ መጨረሻ በቀረበ ቁጥር የማነበው መስመር የቤት ኪራይ ሆኖ ነበር የሚታየኝ፣ አንድ ገጽ አራቴ አንብቤ አይገባኝም። በሁለተኛው አመት ኮሌጁ ትምህርቱን አቆመው፣ የከፈልኩት ገንዘብም አልተመለሰም፣ እህቴ ቤት ሰባት ወር ተጠግቼ ኖርኩ። ከዛ እንደገና ለማስተማር ስቀጠር ከሩቅ ቀበሌ ጀመርኩ፣ ዲግሪዬን በክረምት በክረምት እየተመላለስኩ ነው የጨረስኩት፣ ቀስ ያለ ነበር፣ ግን በነዛ ክረምቶች የተማርኩት ዛሬም አብሮኝ አለ፣ የዛ ኮሌጅ ግን አንዱም የለም። የኪራይ ሀሳብ የያዘው ጆሮ ቼሎ መቃኘት ይችላል ብዬ አላምንም።

ስለ እድሜው እውነቱን ልንገርሽ። ኦርኬስትራ ውስጥ ተቀምጦ በሱ የሚኖር ሰው በአብዛኛው በልጅነቱ የጀመረ ነው፣ እኛ አገር ደሞ ለቼሎ ደሞዝ የሚከፍል ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው፣ ያንን ወንበር አስበሽ ከሆነ ስራ የምትለቂው አትልቀቂ። መጫወት ግን ትችያለሽ፣ በደንብ። ከአራት አምስት አመት በኋላ ህጻናት ማስጀመር ወይ ስቱዲዮ ውስጥ ለአንድ ዘፈን ቼሎ መጫወት የሚባል ነገር ሊመጣ ይችላል፣ እንደ ትርፍ ገቢ እዪው፣ ከመጣ እሰየው።

አስተማሪ ከየት ላምጣ ብለሻል፣ እውነትሽን ነው። ዘመናዊው ሙዚቃ በመንግስት ደረጃ ወደኛ የገባው ባብዛኛው በነፋስ መሳሪያ ነው፣ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆችም የሚነፋ ነበር የያዙት፣ ስለዚህ ሳክስፎንና ትራምፔት የሚያስተምር በየከተማው ስታገኚ የቼሎ ሰው አይገኝም። የምዕራባውያኑን የክር መሳሪያ የሚያውቅ ሰው የምትፈልጊው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር ባለው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በኩል ነው፣ እዛ ያስተማረ ወይ የተመረቀ ሰው በግል ያስተምርሽ። ለመንግስት ሰራተኛ የአመት ፈቃድ ከ20 የስራ ቀን ይጀምራል፣ አንቺ ስድስት አመት ሰርተሻል፣ ከዛም በላይ ይኖርሻል። ያንን ይዘሽ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ እረፊ፣ በሳምንት ሶስት ቀን ተማሪ፣ አቀማመጥሽንና ቀስት አያያዝሽን ብቻ ይስተካከልልሽ፣ ሌላ ምንም አትጠይቂው። ከተመለስሽ በኋላ በአስራ አምስት ቀን አንዴ በቴሌግራም ቪዲዮ ላኪለትና ያርምሽ፣ ኔትወርክ ባይኖር ቀርጸሽ አስቀምጪና ሲመጣ ላኪ። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሪ፣ ቼሎውን ግን አስር ሆነው ቢለምኑሽም የመኪና ጣሪያ ላይ እንዳታስጭኚው። የአባይ በረሃ ፀሀይ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። የሁለት ሰው ወንበር ክፈዪና አጠገብሽ አስቀምጪው።

ያለ አስተማሪ ምን ልጫወት ላልሽው ደሞ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ፣ እኔን በጣም ነው ያስደሰተኝ። የቼሎ አራቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ናቸው አይደል። ሜጀር የሚባለው የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፆች ደሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። እዪው፣ ከአምስቱ አራቱ ጣት ሳይነካቸው ክፍት ክሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ የቀረችው ሚ ብቻ ናት፣ እሷም ሬ ክር ላይ የመጀመሪያው ጣት (አመልካች ጣት) ናት። በአንድ ጣት ትዝታ ቤት ውስጥ ገባሽ ማለት ነው። ያቺን አንዷን ጣት ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ለማሳረፍ ሁለት ሳምንት ስጪ፣ ሚ ላይ ረዘም አድርገሽ ሳቢ፣ ወደ ክፍት ላ ሂጂ፣ ተመለሺ፣ እናትሽ ወጥ ቤት ሆነው ምን እየሰማሁ ነው ብለው መምጣታቸው አይቀርም። የምትወጂው፣ ጀርመናዊው አቀናባሪ ባህ ለቼሎ የጻፈው የመጀመሪያው ስዊት መክፈቻ (ፕሪሉዱ)ም ከክፍት ሶልና ከክፍት ሬ ነው የሚነሳው፣ ይደረስበታል፣ አሁን ግን አትንኪው፣ መጥፎ ልምድ ይዘሽበት በኋላ ማስለቀቁ ይከብዳል።

ወንድምሽን በተመለከተ በግልጽ እናገራለሁ፣ ቅር እንዳትሰኚ። አዝማሪ ብሎ የሚሳደብ ሰው ሰርጉ ላይ አዝማሪ ግንባር ላይ ብር የለጠፈ ሰው ነው፣ ስሙን በግጥም ሲጠሩለት ደረቱን የነፋ ሰው ነው። መሰንቆ ባለበት አገር የክር መሳሪያ መያዝ ውርደት አይደለም። ደሞ ደብዳቤሽ መሀል ላይ እንደዋዛ ያለፍሽው ነገር አለ፣ ቁጠባሽን ለባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ እንድታበድሪው ጠይቆሽ እንደነበር። እታለም፣ የወንድምሽ ጭንቀት የአባትሽ ስም አይደለም፣ ያ ገንዘብ ነው። ደሞዝሽ የቤተሰብ እቁብ አይደለም፣ ታናሾችሽን ማስተማርሽ ተገቢ ነው፣ ቀጥዪ፣ ባጃጁን ግን እሱ ራሱ ሰርቶ ይግዛ። ስራ አለቅም ስትዪው ደሞ ግማሹ ክርክር ያልቃል፣ በራስሽ ብር በራስሽ ሰአት የምታደርጊው ነገር ላይ የሚለው ያጣል። እናትሽ ስለ ትዳር ያሉትን ከቼሎው ጋር አታያይዢው፣ ሌላ ጉዳይ ነው።

የአከራይሽ ልጆች ሳቁ ብለሽ በሩን ዘግተሽ ብርድ ልብስ ከስሩ ወትፈሽ ነው የምትለማመጂው ያልሽው ነገር ግን ልቤን ነው የነካኝ። ስድስት አመት የከበረ ባለሙያ ሆነሽ ቆይተሽ አሁን ሲጢጥ የሚል ድምፅ ማውጣት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ፣ በክረምት ትምህርት ላይ ያስተማርኳቸው ልጆች አጠገቤ ተቀምጠው ነበር የተማርኩት። ልጆቹን አስገቢያቸው። ቀስቱን አሲዣቸውና ይሳቡ፣ ያንኑ ሲጢጥ ሲያወጡት ሳቁ ያልቃል፣ ከዛ በኋላ ዛሬ አትጫወቺም ወይ እያሉ በር የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው። ስትደበቂ ቀስቱን በፍርሀት ነው የምትስቢው፣ በፍርሀት የተሳበ ቀስት ደሞ ክሩን አይዝም፣ ይንሸራተታል።

የቀረውን በየመስመሩ ልመልስ። ጣቴ አጭር ነው ላልሽው፣ ባለ ሶስት አራተኛ መጠን ቼሎ አለ፣ ግን ከመጨነቅሽ በፊት አስተማሪ እጅሽን ይየው፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ የክርንሽ፣ የክንድሽ መታጠፊያ፣ አቀማመጥ ነው። ኖታ በቀን አስር ደቂቃ፣ የባስ ክሌፉን (የወፍራም ድምፆች ኖታ የሚነበብበትን ምልክት) ብቻ፣ ሶስት ወር ይበቃል። ላ ክሩ እየላላ አስቸገረኝ ያልሽው በበጋ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ስለሚኮማተር ነው፣ ስታዞሪው መቃኛውን ወደ ውስጥ ገፋ እያደረግሽ አዙሪ፣ ከምድጃና ከመስኮት ፀሀይም አርቂው። ክር ስትቀይሪ ደሞ አንድ ባንድ ቀይሪ፣ አራቱንም ባንዴ እንዳትፈቺ፣ ክሮቹን የተሸከመው ድልድዩም ውስጡ ያለው ምሰሶም በሙጫ አልተጣበቁም፣ በክሮቹ ግፊት ነው የቆሙት፣ ከወደቁ ማርቆስ ውስጥ ማን ያቆምልሻል። አዲስ ቀስት ለመግዛት ከቁጠባ ማህበር ልበደር ያልሽውን ተይው፣ ያለሽን ቀስት አስተማሪው አይቶ ይፍረድበት።

የፈቃድ ማመልከቻሽን በዚህ ሳምንት አስገቢ። የላብራቶሪው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ገናንና ፋሲካን ነው፣ አንቺ በአብይ ጾም መሀል ያለውን ጠይቂ፣ ማንም አይሻማሽም፣ በሁዳዴ ሰርግ ስለሌለ ሙዚቀኛውም ያኔ ጊዜ አለው።