ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት ዝናቡን ለኩ

ይድረስ በወሎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሳይንስ ለምታስተምሩ ወጣቶች፤

ዕድሜዬን በሚቲዎሮሎጂ ሥራ ስላሳለፍኩ፣ ለአየር ንብረት የተግባር ትምህርት ገንዘብ ለማግኘት የጻፋችሁትን ማመልከቻ «አስተያየት ይስጡን» እያላችሁ ትልኩልኛላችሁ። ብዙዎቻችሁ በቅድሚያ የምትጠይቁት አውቶማቲክ የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ቤተ ሙከራው ባዶ በቀረ ትምህርት ቤት የሚሠራ ሰው ሙሉ ነገር ቢመኝ አይፈረድበትም። እኔ ግን ከመሣሪያው መዝገቡ ይቅደም እላለሁ።

ከአፉ እስከ ታቹ ስፋቱ እኩል የሆነ፣ መቀመጫው ዝርግ ጣሳ ፈልጉ። ከዛፍና ከጣሪያ አርቃችሁ አቁሙት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት የውሃውን ጥልቀት በማስመሪያ ለኩና መዝግቡ፤ ከዚያ ድፉት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 56 ካሬ ሜትር በሆነ የመማሪያ ክፍል ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 560 ሊትር ይወርዳል። ይህን ራሱ ለክቶ ያሰላ ተማሪ ስለ ውሃ ማሰባሰብ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አስቸጋሪው ሌላ ነው። ዋናው ዝናብ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ነው። ያኔ ማን ይለካል? ግቢውን የሚጠብቁትን አባት አሠልጥኗቸው፤ በበጀቱም ላይ ለእሳቸው አበል ያዙ። የሚሰበር ቴርሞሜትር መተኪያም አስቡ። ለጋሾች ዕቃ መግዛት ይወዳሉ፤ ዕቃውን በሥራ ላይ የሚያቆየው ግን ይህ ትንሽ ወጪ ነው። ሳታፍሩ ጠይቁት።

ጥያቄውንም ከአገራችሁ ውሰዱ። የወሎ ደጋ ገበሬ ከየካቲት ጀምሮ በልግን ይጠብቃል። በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ሲጓደል፣ በዚያ ክረምት ኤልኒኖ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ድርሻ ነበረው፤ ተማሪዎቻችሁ ያኔ ሕፃናት ነበሩ። አያቶቻቸውን «በልግ ድሮ መቼ ይገባ ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ከጣሳው መዝገብ ጎን ይጻፉ። ደሴ ያላችሁ ደግሞ ከኮምቦልቻ ትምህርት ቤት ጋር ተጣመሩ። በተመሳሳይ ሰዓት፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ሙቀት ለክታችሁ በስልክ ተለዋወጡ። ወደ ላይ በየ1000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፤ የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት ወደ 600 ሜትር ስለሆነ 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ጠብቁ። በየቀኑ ልክ እንዲህ አይመጣም፤ ለምን እንደማይመጣ መከራከሩ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፦ በማመልከቻችሁ አታጋንኑ። የአንድ ዓመት ልኬት የአየር ንብረት ለውጥን አያረጋግጥም፤ ለአየር ንብረት አማካይ የሚያዘው 30 ዓመት ነው። እናንተ የምትጀምሩትን ሌላ ትውልድ ይቀጥለዋል ብላችሁ ጻፉ። እውነቱ ይኸው ነው፣ ያሳምናልም።

ገንዘቡን መጀመሪያ ከቅርብ ፈልጉ። ወላጆችን፣ የቀድሞ ተማሪዎችን፣ የአካባቢውን ቅሬ (ዕድር) አነጋግሩ። መዝገቡን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሰፈራቸውን ዝናብ በቁጥር ሲያዩ የሚጠይቁት ይበዛል። የሚሰጡትን ሁሉ በትምህርት ቤቱ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የወጣውንም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ።

መጀመሪያ ላይ የሚሰጣችሁ ጥቂት ቢሆንም አብሽሩ። ጣሳው ግን ከየካቲት በፊት ይቁም፤ ቀጣዩን ማመልከቻ ስትልኩልኝም የመጀመሪያውን ወር መዝገብ ፎቶ አንስታችሁ አያይዙልኝ።