ለወጣት አዳኞች፦ ጥይቱን ከማማረራችሁ በፊት ቀለሁን እዩት

ውድ ልጆቼ፣

ፒያሳና አራት ኪሎ ቡና ይዛችሁ ስለ አደን ስትጫወቱ ደጋግሞ የሚሰማው «ጥይቱ ከሸፈብኝ» እና «ትከሻዬን አወለቀው» ነው። የሁለቱም መልስ እግራችሁ ሥር በወደቀው ቀለህና ካርቶኑ ላይ በተጻፉት ቁጥሮች ውስጥ አለ።

ቃታ ስባችሁ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞራችሁ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ባሩዱ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ይችላልና ቶሎ አትክፈቱ። ከዚያ ጥይቱን አውጡና ግርጌው መሃል ያለችውን፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ካፕሱል ተመልከቱ። መሃሏ በደንብ ከጎደጎደ የጠመንጃው መርፌ መትቷል፤ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፣ ብዙ ጊዜ እርጥበት ወይም ዘይት ገብቶበታል። የተነካች ብቻ ከሆነች ግን ጠመንጃውን መርምሩ፦ የደከመ ሞላ፣ መርፌው ዙሪያ የረጋ ግራሶ፣ ወይም እስከ መጨረሻው ያልተዘጋ በርሜል። የከሸፈውን ጥይት መልሳችሁ አትሞክሩት።

ከዚህ የሚብሰው «ቡፍ» የሚለው ደካማ ድምፅ ነው። ወፍ ከፊታችሁ ቢነሣም ሁለተኛ እንዳትተኩሱ! ጥይቱ ውስጥ ፍሬ ፍሬ እርሳሱን የሚይዘው ፕላስቲክ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት እሱን ሲመታ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ጥይቱን ሁሉ አውጡ፣ በርሜሉን ከኋላ ወደ ብርሃን እዩ፣ ከተደፈነ በመወልወያ ዘንግ አጽዱት።

ካሊበር 20 (ቀጭኑ) እና ካሊበር 12 (ወፍራሙ) ጥይት አንድ ኪስ ውስጥ አይገናኙ። የ20ው በ12 በርሜል ውስጥ ተንሸራትቶ ይገባና ከፊት ይቀረቀራል። ከኋላ ሲታይ ባዶ ስለሚመስል 12 ይጎረስበታል፤ ውጤቱ እጅ የሚቆርጥ ፍንዳታ ነው። ለካሊበር 20 ቢጫ ቀለም የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው።

በርሜሉ ላይ «12-70» (ካሊበር 12፣ 70 ሚሊሜትር) ካለ 76 ሚሊሜትር ጥይት አትጉረሱ። ቁጥሩ ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ የሚኖረው ርዝመት ስለሆነ፣ አፉ ታጥፎ ሳለ በቀላሉ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን መከፈቻ ቦታ ያጣና ግፊቱ ከልክ ያልፋል። አንዳንድ አሮጌ የአውሮፓ ሁለት አፎች ደግሞ ለ65 ሚሊሜትር ጥይት የተሠሩ ናቸው።

የአዲስ አበባ ክረምት ለጥይት ክፉ ነው። ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ፣ ክዳኑ በሚገጥም ሣጥን ውስጥ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ዝገት ይከላከላል ብላችሁ ዘይት አትቀቡት፤ ካፕሱሉን የሚገድለው እሱ ነው። ያበጠና በአውራ ጣት የማይገባ ጥይትም በግድ አይገባም።

አሁን ወደ ትከሻችሁ ልምጣ፤ በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። 3.2 ኪሎ በሚመዝን ጠመንጃ፣ በሴኮንድ 365 ሜትር የሚሄድ 28 ግራም እርሳስ ትታችሁ በሴኮንድ 400 ሜትር የሚሄድ 36 ግራም ብትጎርሱ ወደ ኋላ ትከሻችሁን የሚመታው ጉልበት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ትከሻ ይህን አይረሳም፤ ቃታ ሲሳብ ዓይን ይጨፈናል፣ አፈሙዝ ይወርዳል፣ ወፉ ቆስሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። ቆስሎ የጠፋ ወፍ ደግሞ ከሳቱት ወፍ የከፋ ነው። በ28 ግራም ውስጥ 2.6 ሚሊሜትር እርሳስ ወደ 270 ፍሬ ስላለ ለቆቅ ይበቃል። ለጅግራ 3 ሚሊሜትር በ30 ወይም 32 ግራም ውሰዱ። «6 ቁጥር» በእንግሊዝና በአሜሪካ አንድ መጠን ስላልሆነ ሁሌም ሚሊሜትሩን እዩ። ራሱ የሚጎርስ ጠመንጃ ግን በቀላል ጥይት ቀለሁን ላይተፋ ስለሚችል መመሪያው የሚለውን ዝቅተኛ ግራም ጠብቁ።

ጥይቱ ቀሎም ጉንጭ የሚመታ ከሆነ ሰደፉ አልገጠማችሁም፤ ርዝመቱንና የጎማ መደገፊያውን አስተካክሉ፣ ጉንጫችሁንም ሰደፉ ላይ አጥብቃችሁ አስደግፉ።

ጠመንጃውም ጥይቱም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደሩ ናቸው፤ የአደን ፈቃድ ደግሞ ለብቻው ነው። ሁለቱንም ፈቃድ ስትይዙ፣ ከከተማ ውጪ በተፈቀደ የተኩስ ቦታ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ወረቀት ዘርግታችሁ ከ30 ሜትር ላይ ቀላሉንና ከባዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ተኩሱ። መሃሉ ላይ 75 ሴንቲሜትር ክብ ሥሩና በውስጡ ያረፉትን ቀዳዳዎች ቁጠሩ፤ ወፍ የምታህል ባዶ ቦታ ሳይተው ክቡን ከሞላው ቀላሉን ግዙ።