የቦርከና ወንዝ ክረምት ላይ ይጸዳል እንዴ?

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። ቦርከና በጋ ላይ አፍንጫ ያስይዛል፣ ሐምሌ ሲገባ ግን ሽታው ጥፍት ይላል። ያኔ ሰላጣ ብናጠጣበት ምን አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሽታው ጠፋ ማለት ባክቴሪያው ጠፋ ማለት አይደለም፣ ሌላ አይነት ተተካ እንጂ። በጋ ላይ ውሃው ስለሚያንስ የፋብሪካውም የቤቱም ፍሳሽ ሳይበረዝ ይቀራል፣ ባክቴሪያዎቹ ያንን ሲበሉ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፣ ከዛ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩት ይበዙና ውሃው ውስጥ ያለውን ሰልፌት የሚባል የድኝ ውህድ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወደሚባል ጋዝ ይቀይሩታል፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው፣ ከድንጋዩ ስር ያለው ጭቃ የሚጠቁረውም በዛው ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ ፍሳሹን ይበርዘዋል፣ ግን ከየሜዳው ከየሽንት ቤቱ እነ ኢ ኮላይን፣ ከሰገራ የሚመጡትን ባክቴሪያዎች፣ ጠራርጎ ያመጣል፣ ለኔ እንደውም ይሄኛው ይብሳል፣ አይሸትማ! ሰላጣ በጥሬው ስለሚበላ በዚህ ውሃ ባታጠጪው ይሻላል፣ ተቀቅሎ የሚበላ ጎመን ቢሆን ይሻል ነበር።