ቦርሳ ይዛችሁ ሜዳ ለምትገቡ ልጆቼ

ፊዚዮቴራፒ ጨርሳችሁ ወይ አጭር ኮርስ ወስዳችሁ ደሴና ኮምቦልቻ ካሉ ቡድኖች ጋር ቦርሳ መያዝ ለጀመራችሁ ነው ይሄን የምጽፈው። ሰው ሁሉ ወጌሻ ይላችኋል፣ አትናደዱ፣ እኔንም ሃያ ምናምን አመት ሲሉኝ ኖረዋል። ስለ ማሳጅና ስለ በረዶ የሚነግራችሁ ሞልቷል፣ ስለ ህጉና ስለ መድህኑ ግን ማንም አይነግራችሁም፣ እኔም የተማርኩት ደንግጬ ነው።

ኮምቦልቻ የወዳጅነት ጨዋታ ነበረን። አንድ የ17 አመት ልጅ ኳስ በቴስታ ልመታ ብሎ ሲዘል ከተከላካዩ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ። ሮጬ ገባሁ፣ አይኑን ገልጧል፣ "ስንት ለስንት ነን?" አልኩት፣ ዝም ብሎ አየኝና ያለፈውን ሳምንት ውጤት ነገረኝ። በቃ፣ ይሄ ብቻውን ለማስወጣት ይበቃ ነበር። አሰልጣኙ ግን ከመስመር ላይ "ተነስ ተነስ፣ ቅያሪ የለኝም!" እያለ ይጮሃል፣ እኔም ውሃ አፈሰስኩበትና ተመልሶ ገባ። ማታ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ማስታወክ ጀመረ፣ ከዛ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ይዤ ነው ደሴ የገባነው። ተረፈ፣ አልሃምዱሊላህ። በማግስቱ አባቱ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመው፣ ሳይቆጡ፣ "ልጄን ግባ ያለው ማነው?" አሉ። አሰልጣኙ ቀደም ብሎ "ወጌሻው ነዋ" አለ። እውነቱን ነው። የፈቀድኩት እኔ ነኝ፣ የጻፍኩት ደግሞ አንድ መስመር የለም።

ያን ሰሞን አንድ ጠበቃ ወዳጄ ፒያሳ ቡና ይዘን የ1952ቱን ፍትሐብሄር ህግ አስነበበኝ። ቁጥር 2068 ስለ ስፖርት ነው፣ አንድ ሰው ጨዋታ ላይ ሌላውን ተጫዋች ወይም ተመልካች ቢጎዳ፣ ተንኮል ካልሰራ ወይም የጨዋታውን ህግ ክፉኛ ካልጣሰ አይጠየቅም ይላል። "ይኸው፣ ነፃ ነን!" አልኩ። ሳቀብኝ። "እሱ የተጫዋቹ ነው፣ ያንተ 2031 ነው" አለኝ። እሱ ደግሞ ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት፣ ስራውን እንደማያውቅ የሚያሳይ ቸልተኝነት ከተገኘበት ይጠየቃል የሚል ነው። የኛ ሙያ ደንብ ደግሞ ጭንቅላቱን ተመቶ የተምታታበት ተጫዋች በዛው ቀን አይመለስም ነው፣ አሰልጣኝ ጮኸብኝ ማለት አያድናችሁም።

ስለዚህ ደብተር ያዙ፣ ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ከዛ ወዲህ የያዝኩት የኔ ደብተር ላይ ለምሳሌ እንዲህ ይላል፦ "78ኛው ደቂቃ፣ ጭንቅላት፣ ውጤቱን አላስታወሰም፣ ይውጣ ብዬ ለአሰልጣኝ ነገርኩ።" አሰልጣኙ እንቢ ካለ እሱንም ጻፉት፣ እያየ ጻፉት፣ የሚገርመው ብእር ሲያይ ድምፁ ይቀንሳል። ከ18 በታች ለሆኑት ውድድሩ ሳይጀመር የወላጅ ፊርማና ስልክ ተቀበሉ። የተጫዋች ጉልበት ፎቶ ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉትን እንኳ ተዉት፣ ሚስጥር መጠበቅም የህግ ግዴታ ነው። መርፌ ወጋኝ ለሚላችሁም እሺ አትበሉ፣ መውጋት ለተፈቀደለት ሃኪም እንኳ በዶፒንግ (በአበረታች መድሃኒት) ህግ ኮርቲዞን በመርፌ በውድድር ጊዜ ከ2022 ጀምሮ፣ ትራማዶል የሚባለው የህመም ማስታገሻ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ክልክል ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው።

ወደ ብሩ ልምጣ። የዛ ልጅ አባት የሐይቅ ሰው ናቸው፣ ተሁለደሬ ማለት እኮ በ2003 ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በአማራ ክልል ሲሞከር መጀመሪያ ከገቡት ሶስት ወረዳዎች አንዷ ናት። ካርዱ ነበራቸው፣ የዛን አመት ግን አላሳደሱትም፣ የሲቲ ስካኑን ወይፈን ሸጠው ከፈሉ። እኔ ደግሞ አንድም ቀን ልጆቹን ካርዳችሁ ታድሷል ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር፣ አሁን ከጫማ ቁጥራቸው በፊት እሱን ነው የምጠይቀው። ድንገተኛ ካልሆነ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዞ መሄድ ግድ ነው፣ ዘሎ ሆስፒታል የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። 18 የሞላው ልጅም በአባቱ ካርድ ዝም ብሎ አይታከምም፣ ስለሱ ቀበሌ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደሞዝተኛ ለሆነው የማህበራዊ ጤና መድህን አዋጅ 690/2002 ወጥቷል፣ ማስፈጸሚያ ደንቡን 271/2005ን ስታነቡ ግን ከማይሸፈኑት ውስጥ ከፍተኛ አደጋ ያለበት ስፖርት፣ የስራ ላይ ጉዳትና የመኪና አደጋ አሉበት። የክለብ ደሞዝ የሚበላ ልጅ ከሆነ በጽሁፍ ውል ይኑረው፣ ያኔ የስራ ላይ ጉዳት ነው ብሎ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መከራከር ይችላል፣ እሱ ደግሞ ህክምናውን አሰሪው እንዲከፍል፣ ደሞዙም መጀመሪያ ሶስት ወር ሙሉ፣ ቀጥሎ ሶስት ወር 75 በመቶ፣ ቀሪውን ስድስት ወር 50 በመቶ እንዲሆን ያዛል። ለሰፈር ቡድን ይሄ ሁሉ የለም፣ አዋጥቶ የቡድን የአደጋ ኢንሹራንስ መግባት ነው ያለው፣ ስትገቡም ፖሊሲው ላይ መጀመሪያ የማይሸፈኑትን የሚዘረዝረውን ገጽ አንብቡ፣ ስፖርት የሚል ቃል እዛ ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ያ ልጅ አሁን ሰኞ ገበያ አካባቢ ባጃጅ ይነዳል። ባየኝ ቁጥር ክላክስ አድርጎ "ጋሼ ወጌሻ፣ ስንት ለስንት ነን?" ይለኛል። ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል፣ እኔ እስካሁን አልቻልኩም።