«ካርቦን በልቶታል» የተባለው ሃይሉክስ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ 3.0 ዲ-4ዲ ሃይሉክስ አለኝ። የ2008 ሞዴል ነው፤ 240 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። በአዘቦቱ ከሲኤምሲ መገናኛ ነው ሥራው። አልፎ አልፎ ደብረ ማርቆስ እሄድበታለሁ። ባለፈው ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ አቅም አጣ። ከኋላዬ ጥቁር ጭስ ብቻ ሆነ፤ የጫነ አይሱዙ ሁሉ ቀድሞኝ ሄደ። ሜካኒኩ ‹ካርቦን በልቶታል፣ ኢጂአሩን እንድፈነው› ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ታንክ ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት ግዛ ይላል። ጠዋት ሲነሳ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅም ጀምሯል፤ ሲሞቅ ይጠፋል። ዘይት የምቀይረው በ10 ሺህ ነው። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ እኔን ያሳሰበኝ ጭሱ አይደለም። መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግካት የጠዋት ድምፅ ናት። እሷን ትንሽ አቆያታለሁ።

ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው የሚበቃውን አየር አላገኘም ማለት ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከአየሩ ይጀመር። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ራሱ ከባህር ጠረፍ ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ጉድለቱን የሚሞላልህ አየሩን ጨምቆ የሚያስገባው ቱርቦ ነው። ከቱርቦው በኋላ ትንሽ ቀዳዳ ካለች እኛ አገር ቶሎ ታስታውቃለች። የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ እይ። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፋና ሲቀዘቅዝ ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው) የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች ከሥራቸው በእጅህ ዳብስ። ቱቦው ከታች ዘይት ካለቀሰ፣ ዘይቱ በወጣበት አየሩም ይወጣል። የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን ዘሎ ሞተር ያስፈታ ስንቱን አይቻለሁ።

እዚያ ምንም ከሌለ ሜካኒክህ በግማሽ ልክ ነው። ኢጂአር የተቃጠለውን ጭስ በከፊል ወደ ሞተሩ መልሶ የሚያስገባ ቫልቭ ነው። የቃጠሎው ሙቀት እንዲቀንስና ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለው መጥፎ ጋዝ እንዳይበዛ ታስቦ የተሠራ ነው። ችግሩ ጥላሸቱ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ውስጥ ሌላ እንግዳ ያገኛል፤ ከሞተሩ መተንፈሻ የሚመጣ የዘይት ተን። ደረቅ ጥላሸት ብቻውን ቢሆን አብዛኛው ከአየሩ ጋር በሄደ ነበር። ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ግን ሬንጅ ይሆናል። በቅርቡ ያወረድኩት አንድ ማኒፎልድ ቀዳዳው አውራ ጣቴን እንኳ አላስገባ ብሎኛል። ቫልቩ ደግሞ ብዙ የሚከፈተው ቀስ ብለህ ስትነዳ ነው። መገናኛ መጨናነቅ ውስጥ እየተንፏቀቅክ ስትውል ማለት ነው። ካርቦን ይዞት ሳይዘጋ ከቀረ፣ ዳገት ላይ ንጹህ አየር በምትፈልግበት ሰዓት ጭስ ያጠጣሃል። የደጀኑ ታሪክህ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

የጎረቤትህ መድኃኒትስ? ጥራቱን የጠበቀ ከሆነ ናፍጣውን የሚረጩትን ኖዝሎች ትንሽ ሊያጸዳ ይችላል። ግን በዚህ ሞተር ናፍጣው በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው የሚረጨው። በማኒፎልዱ በኩል ጭራሽ አያልፍም። ያላለፈበትን ቤት እንዴት ያጸዳል?

ማኒፎልድ የሚጸዳው ወርዶ ነው። ከላይ በስፕሬይ እየነፋ «አጸዳሁልህ» የሚልህን እምቢ በለው። የተላቀቀው ቁራጭ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። በጭስ መውጫው በኩል ሲወጣ ደግሞ የቱርቦውን ተንቀሳቃሽ ክንፎች ያገኛል። ይውረድ፣ ናፍጣ ውስጥ ይደር፣ ጠዋት በብሩሽ ይፈተግ። የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ቀዳዳዎች እስከዚያ በጨርቅ ይደፈኑ። ስንት ጨርቅ እንደገባ ይቆጠር! እየሳቅኩ አይደለም። ሲገጠም አዲስ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ይሁን። ኢጂአሩም አብሮ ይጠረግ።

ላሜራ ቆርጦ መድፈኑን በተመለከተ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ብዙ ደፍኛለሁ። አሁን ግን አልመክርም። የተጠራቀመውን አያጸዳልህም፤ ዳሽቦርድ ላይ የሞተሩን መብራት ሊያበራብህ ይችላል፤ ያ ናይትሮጅን ኦክሳይድም የሚወጣው እኛው በምንተነፍሰው አየር ላይ ነው። የተጠረገ ቫልቭ እንደልቡ ከከፈተና ከዘጋ ተወው፣ ይሥራ።

አሁን ወደዚያች የጠዋት ድምፅ። ያሳሰበችኝ የኖዝል ሮንዴላ ማፍሰሱን የምትናገር ልትሆን ስለምትችል ነው።

በዚህ ሞተር ከእያንዳንዱ ኖዝል ሥር እንደ ቀለበት ያለች፣ ጋዝ እንዳይሾልክ የምታሽግ የመዳብ ሮንዴላ አለች። ስታረጅ የቃጠሎው ጋዝ በሷ በኩል ሾልኮ ወደ ላይ፣ ከቫልቭ ሽፋኑ ሥር ይገባና ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ በካርቦን ይወፍራል። ካርቦኑ ቀስ በቀስ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ይዘቅጥና የዘይት ፓምፑ የሚስብበትን ወንፊት ይደፍነዋል። ከዚያ ብሮንዙም (የኮሎው ዘንግ የሚሽከረከርበት መቀመጫ) ቱርቦውም ዘይት ያጣሉ። እዚህ ላይ ልብ በል፦ ማኒፎልድ ውስጥ ያለው ካርቦን አቅም ይቀንስብሃል እንጂ ሞተር አይገድልም። ገዳዩ ኮፓ ውስጥ ያለው ነው። እሱ ደግሞ አያጨስም፣ አቅም አይቀንስም። እንዲህ ካለች ትንሽ ድምፅ በቀር ብዙ ምልክት ሳይሰጥ ነው የሚመጣው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት እንዳንተው ዓይነት ሃይሉክስ መጣልኝ። ዘይቱ ጠቁሮ ስላየሁ የሞተር ማጠቢያ ጨምሬ አስነሳሁት፣ ደፋሁት፣ አዲስ ዘይት ሞላሁ። ባለቤቱ አመስግኖኝ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት በመጎተቻ መጣ። ኮፓውን ስናወርድ ወንፊቱ የቡና አተላ የተለጠፈበት ይመስል ነበር። ማጠቢያው ተኝቶ የነበረውን ካርቦን ቀስቅሶ አፉ ላይ ሰብስቦታል። የብሮንዙን ወጪ ከኪሴ ሸፈንኩ። ከዚያ ወዲህ ወንፊቱን ሳላይ ማጠቢያ አልነካም።

ስለዚህ ሜካኒክህ የቫልቭ ሽፋኑን ይክፈት። በኖዝሎቹ ዙሪያ የደረቀ ጥቁር ቅርፊት ካለ ሮንዴላዎቹ አፍስሰዋል። አራቱም ይቀየሩ፤ የወጣች ሮንዴላ ተመልሳ አትገባም። መቀመጫቸው በደንብ ይጸዳ። ከሶማሌ ተራ ስትገዛ ርካሿን አትምረጥ። በዚያው ኮፓው ይውረድና ወንፊቱን በዓይንህ እይ። ኖዝሎቹ ከወጡ አይቀር ይፈተሹ። በተለይ ነዳጅ ሲጠፋ ከጀሪካን የቀዳህ ከሆነ፣ ውሃና ቆሻሻው እነሱን ያበላሻል።

አንድ ነገር ደግሞ። በድሮዎቹ ሞተሮች የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የኖዝል ቱቦ እናላላ ነበር። እዚህ ማንም እንዳይሞክረው። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የሚፈናጠረው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ዘይትህን ከ10 ሺህ ወደ 5 ሺህ አውርደው። በሳምንት አንዴም በአዳማ ፍጥነት መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ በደቂቃ 2,500 የሞተር ዙር አካባቢ ንዳው። የተጋገረውን ማኒፎልድ አያጸዳም፣ የቱርቦውን ክንፎች ግን ያፍታታል። ዲፒኤፍ (የጭስ ጥላሸት ማጣሪያ) ያላቸው አዳዲሶቹ መኪኖች ግን ይህ ጉዞ ከአንተ ይልቅ ለነሱ ግዴታ ነው፤ ማጣሪያው ጥላሸቱን የሚያቃጥለው በ600 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ መንደር ለመንደር እዚያ አይደርስም።

ሮንዴላዎቹ ሳይታዩ ግን አባይን አትውረድ። ግድ ሆኖብህ ከሄድክና የዘይት መብራቷ ለአፍታም ብልጭ ካለች ዳር ይዘህ ቁልፉን አጥፋ። «ደጀን ልድረስና አያለሁ» አትበል።